ጣሪያው እያፈሰሰ ኪችኑን እናድስ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ከተሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔና እሱ ስንቆጥብ ቆይተን አሁን ለቤት እድሳት የሚሆን ገንዘብ ይዘናል። ባለቤቴ ኪችኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ ይሁን፣ ኮርኒሱም በጂፕሰም ይሠራ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የመኝታ ቤታችን ኮርኒስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ በዘነበ ቁጥር ይሰፋል። ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። አንድ የምናውቀው ሰው «በትልቅ ብሬከር ቀይሩትና ተገላገሉ» ብሎናል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ከሳሎኑ በር አናት ላይም ስንጥቅ አለ። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ጣሪያ ማን ያየዋል? ኪችን ግን ነገ ቤቱን ብንሸጠው እንኳን ዋጋ ይጨምራል» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም እንግዳ ሲመጣ ኪችኑ ያሳፍረኛል። ገንዘባችን ለሁሉም አይበቃም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሳልዞር ሳልጠማዘዝ ልመልስልሽ። ከኤሌክትሪኩና ከጣሪያው ጀምሩ። ኪችኑ ይቆይ። ይቆይ ስል ይቅር ማለቴ አይደለም። ተራውን ይጠብቅ ማለቴ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። ቤት ውስጥ ያለ ችግር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዱ ደግሞ በጠበቃችሁት ቁጥር እያደገ ይሄዳል። ያረጀ የኪችን ካቢኔት ዛሬም ያረጀ ነው፤ የዛሬ ዓመትም ያረጀ ነው። እስከዚያ ግድግዳ አያበሰብስም፣ ማንንም አይጎዳም። ለመቀየር የሚጠይቃችሁም ሥራ ያው ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ግን ዘንድሮ ጥቂት ምስማርና አንድ ሁለት ቆርቆሮ ይጠይቃችኋል። ከዓመት በኋላ የበሰበሰ እንጨትና ኮርኒስ ይጨመርበታል። ከዚያም በኋላ ግድግዳው ይከተላል። እኔ ሰው ገንዘቡን የት ላድርገው ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ብትተወው የትኛው ይብሳል? የሚብሰው ይቅደም።

እስቲ የኮርኒሱን ነጠብጣብ እንየው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ትንሽ ነገር ነው። ከላይ ያለው ውሃ ግን ትንሽ አይደለም። 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ቀን 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ 2,000 ሊትር ውሃ ቤታችሁ ላይ ወረደ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ባልዲ ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ እንኳን በእንጨቱና በኮርኒሱ መሃል ይተኛል። ንፋስም ፀሐይም ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። እንጨት ደግሞ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም። ከዚያ አልፎ ለረጅም ጊዜ ከረጠበ ግን አደጋ ላይ ነው። ምስጥም እርጥብ እንጨት ያለበትን ቤት ያገኘዋል።

ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ ውሃው የወጣበት እንጂ የገባበት ላይሆን ይችላል። ይህን በደንብ ያዢልኝ፤ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚከፍለው ይህን ባለማወቅ ነው። ውሃ በአንድ ቀዳዳ ይገባና በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የመጣው ሠራተኛ ከነጠብጣቡ በላይ ያለውን ቦታ ብቻ ለጥፎ «ጨርሻለሁ» ቢላችሁ እንዳትቀበሉት። የገባበትን ያሳያችሁ። ወደ ጣሪያው ሥር መግባት የሚቻል ከሆነ ቀን ላይ ገብቶ ይመልከት። በጨለማው ውስጥ የብርሃን ነጥብ ከታየ ውሃም በዚያው ይገባል። የውሃው መስመር ጥሎት ያለፈው ምልክትም እንጨቱ ላይ ይታያል።

ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ቅድሚያ የሚታዩት ምስማሮቹ ናቸው። ቆርቆሮ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ሲበርድ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ምስማሩን ያላላዋል። ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ምስማሩ መመታት የነበረበትም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ተመትቶ ከሆነ ያ ቀዳዳ ሁልጊዜ ውሃ ይተላለፍበታል። ቀጥሎ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደረበበት፣ ጣሪያው ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትና ቧንቧ ወይም ጭስ ማውጫ ቀዶ የወጣበት ቦታ ይታይ። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

አሸንዳውንም እንዳትረሱት። በቅጠልና በአፈር የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን ወደ ኋላ ይመልሰውና በጣሪያው ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ «ጣሪያው ፈሰሰ» የተባለው ቤት ችግሩ አሸንዳው መደፈኑ ብቻ ይሆናል። ይህን ደግሞ መሰላልና የእጅ ጓንት ያለው ሰው ሊያጸዳው ይችላል። ውሃው የሚወርድበትን ቧንቧ ጫፍም እዩት። ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ መሠረቱን ነው የሚያጠጣው። ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቆ እንዲፈስ አድርጉት። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬትም ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆን አለበት። በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው።

ባለቤትሽ ያሰበው የጂፕሰም ኮርኒስ በጣም ያምራል። ግን ጂፕሰም ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይም ይወድቃል። ጣሪያው ሳይጠገን ጂፕሰም ማሠራት ካሰባችሁት ሥራ ሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚያባክነው ነው። ወጪው ሁለት ጊዜ ይሆናል። የመጀመሪያው ለማሠራት፣ ሁለተኛው ለማፍረስና እንደገና ለማሠራት።

ጣሪያ ሠሪው እስኪመጣ ድረስ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ነጠብጣቡን ቀለም አትቀቢበት። ጠርዙን በእርሳስ ዞሪውና ቀኑን ጻፊበት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ከመስመሩ አልፎ እንደሆነ ታያለሽ። ሳይዘንብም የሚሰፋ ከሆነ ችግሩ ጣሪያው ላይሆን ይችላል፤ ከላይ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ካለ እሱ ይፈተሽ። ሁለተኛው፣ ኮርኒሱ ወደ ታች ካበጠ ከሥሩ አትተኙ። አልጋውን አንሱት። ነጠብጣቡ አምፖል አጠገብ ከሆነ ደግሞ የዚያን ክፍል መብራት ከብሬከሩ አጥፉና ኤሌክትሪሺያን እስኪያየው ድረስ አታብሩት።

አሁን ወደ ብሬከሩ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «በትልቅ ብሬከር ቀይሩት» የሚለውን ምክር በፍጹም እንዳትሰሙ። የመከራችሁ ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ምክሩ ቤት የሚያቃጥል ምክር ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ምድጃችሁ 3,000 ዋት፣ ማሞቂያው 2,500 ዋት ነው እንበል። አንድ ላይ 5,500 ዋት ይሆናሉ። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍይው 25 አምፔር ነው። ብሬከሩ 16 አምፔር ከሆነ ጥቂት ቆይቶ መውረዱ አልተበላሸም ማለት ነው። ሥራውን እየሠራ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ምድጃውን ወይም ማሞቂያውን አይደለም። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፤ ብሬከሩም ሽቦው ከልክ በላይ ከመጋሉ በፊት መስመሩን ይቆርጣል። አሁን በቦታው ባለ 32 አምፔር አስገቡበት እንበል። 25 አምፔሩ ያለ ምንም ከልካይ በዚያው ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ብሬከሩ አይወርድም። እናንተም ችግሩ የተፈታ ይመስላችኋል። ሽቦው ግን በየቀኑ ግድግዳው ውስጥ እየጋለ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይቀልጣል። እሳት እዚያ ሲነሳ ማንም አያየውም። የሚታወቀው ጭስ ሲወጣ ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ ለምድጃው ለብቻው፣ ለማሞቂያውም ለብቻው ከዋናው ሳጥን ጀምሮ አዲስ መስመር መዘርጋት ነው። የሽቦው ውፍረት ዕቃው በሚጠይቀው አምፔር ልክ ይሁን፤ ብሬከሩም በሽቦው ልክ። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን እንጂ በትርፍ ጊዜው የሚሞክር ሰው መሆን የለበትም። እስከዚያው ሁለቱን አንድ ላይ አታብሩ። ማሞቂያው ሥራውን ሲጨርስ ምድጃው ይብራ። ማሞቂያውን በኤክስቴንሽን ማሠራትም መፍትሔ አይደለም፤ እሱ ደግሞ ሌላ ቀጭን ሽቦ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ከመጣ አይቀር የመሬት መስመሩን፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ ያረጋግጥላችሁ። በተለይ የውሃ ማሞቂያው ላይ። ውሃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙበት ዕቃ ያለ መሬት መስመር መሥራት የለበትም። በተጨማሪም ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ማፈትለክ ሲጀምር በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር አለ። ሰው ለመጠበቅ የሚገጠመው በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ከሌለ ይግባ። ልጆች ካሏችሁ ከካቢኔት መቶ እጥፍ ይበልጥብኛል። ላዩ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው በየጊዜው እየተጫናችሁ እንደሚቆርጥ አረጋግጡ።

ሶኬት ስትነኪው የሚሞቅ ከሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ፣ ግድግዳው ውስጥ ጥዝ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ወይም ማብሪያው ዙሪያ ጠቁሮ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዋናውን አጥፊና ሰው ጥሪ።

በጋዝ የምታበስሉ ከሆነም ጎማውንና መገጣጠሚያውን በሳሙና ውሃ እዩት። አረፋ ከወጣ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መሞከር የሚባል ነገር አይታሰብ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ከሸተታችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ውጡ።

የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ ያለቀው ውስጡ ያለው ትንሽ ጎማ ብቻ ነው። ቢሆንም በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር፣ በዓመት ከ7,000 ሊትር በላይ ውሃ ያባክናል። የሚታየውን ማስጠገኑ አያስቸግርም። እኔ የማይታየውን ነው የምፈራው። ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እዩት። ቁጥሩ ከተቀየረ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው። የሽንት ቤቱን ታንከር ደግሞ ጥቂት ቀለም ጨምራችሁበት ሞክሩት። ሳታፈሱት ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ መዝጊያው ያሳልፋል። ይህን ፈተና ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ማድረግ ያስፈልጋል። ከተነጠፈ በኋላ ከሥሩ የሚያፈስ ቧንቧ ቢገኝ አዲሱ ሴራሚክ በመዶሻ ይነሳል።

ስለ ስንጥቁ ቶሎ አትደንግጪ። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ቤት ላይ አለ። አብዛኛውን ጊዜም የልስን መሰንጠቅ ነው። ሁለቱንም ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊ፤ ስፋቱንም ለኪ። ለተወሰኑ ወራት ባለበት ከቆየ ተሞልቶ ይቀባል። ወደ 5 ሚሊሜትር ከተጠጋ፣ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ እንደ ደረጃ እየወረደ ከሄደ፣ የአንዱ ወገን ግድግዳ ከሌላው ወጣ ካለ ወይም በሮችና መስኮቶች አልዘጋ ማለት ከጀመሩ ግን መሐንዲስ ይየው። ኮንክሪት ላይ የዝገት ቀለም ያለው ስንጥቅ ካገኘሽም እንደዚያው። ብረት ሲዝግ መጠኑ በእጥፍ ስለሚጨምር ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ያን በስቱኮ መሸፈን ችግሩን ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። እሱን ጥፋተኛ አላደርገውም። ይህን ያህል ጊዜ የቆጠበ ሰው የልፋቱን ውጤት በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ጣሪያ ተጠግኖ ሲያልቅ ቤቱ ትናንት እንደነበረው ነው የሚመስለው። ገንዘቡ ወጥቶ ምንም ያልተቀየረ ሲመስል ቅር ማለቱ የሰው ነው። ስለዚህ «አየህ፣ እኔ ነኝ ልክ» ብለሽ ይህን መልስ እንዳታነቢለት። አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ደብተር ይዛችሁ ቤቱን አብራችሁ ዙሩት። ጣሪያውን፣ ኮርኒሱን፣ የብሬከር ሳጥኑን፣ የእቃ ማጠቢያውን ሥር፣ የውጭውን ግድግዳ፣ ሁሉንም። እስክሪብቶውን እሱ ይያዝ። በየነገሩ አጠገብ «ለአንድ ዓመት ብንተወው ምን ይሆናል?» ለሚለው መልስ ይጻፍ። ካቢኔቱ አጠገብ «ምንም» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጣሪያው አጠገብ ግን ግማሽ ገጽ ሲሞላ ክርክሩ በራሱ ይረግባል። ዝርዝሩ የእናንተ የሁለታችሁ ይሆናል።

ቤቱ ቢሸጥ ኪችኑ ዋጋ ይጨምራል ያለው ነገር እውነትነት አለው። ግን ቤት የሚገዛ አዋቂ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ነው የሚያየው። ግድግዳውን በእጁ ይዳስሳል። የውሃ ምልክት ካየ አዲሱን ኪችን ይረሳና ዋጋ መቀነስ ይጀምራል። የሚቀንሰውም ጣሪያውን ለማሠራት የሚያወጣውን ብቻ አይደለም፤ ያላየውንና የፈራውን ሁሉ ጨምሮ ነው።

እንግዳ ሲመጣ እንደምታፍሪ ጽፈሻል። ይህን አላቃልለውም። በየቀኑ የምትቆሚበት ቦታ ደስ እንዲልሽ መፈለግሽ ተገቢ ነው። ኪችኑ ተራው እስኪደርስ ድረስ በትንሽ ወጪ ሊሻሻል ይችላል። የካቢኔቱን ማጠፊያና እጀታ ቀይሩ። የተንጋደዱትን በሮች አስተካክሉ። ቅባቱን በደንብ አጽድታችሁ እንጨቱን ቀለም ቀቡት። ደብዘዝ ያለውን አምፖል በደማቅ ተኩት። የእቃ ማጠቢያው ዙሪያ የጠቆረውን ሲሊኮን አንስታችሁ በአዲስ ሙሉት፤ ይህኛው ደግሞ ውበትም ጥገናም ነው።

ግድግዳ መቀባት ካማራችሁ ግን መጀመሪያ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ይላጣል። ነጭ ዱቄት መሰል ጨውም ይወጣበታል። መሞከሪያው ቀላል ነው። የእጅ መዳፍን ሁለት ሦስት እጥፍ የሚያክል ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለአንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ላብ ካገኛችሁ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ቀለሙ ይቆይ፣ ምንጩ ይፈለግ። ላቡ ከፊት ለፊት ከሆነ የቤቱ አየር ነው የረጠበው፤ መስኮት መክፈት ሊበቃ ይችላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነም ከመቀባቱ በፊት 4 ሳምንት ያህል ይድረቅ። ሠራተኛው ቢያጣድፋችሁም አትስሙት።

ገንዘቡን በተመለከተ እንዲህ አድርጉ። ለጣሪያውም ለኤሌክትሪኩም ቢያንስ ከሁለት ሦስት ባለሙያ ዋጋ ተቀበሉ። ዋጋው የሥራውን ዝርዝርና የዕቃውን ዓይነት በጽሑፍ ይያዝ። ከተቻለ ችግሩን የሚመረምርላችሁ ሰው ሥራውን የሚሠራው ሰው ባይሆን ይመረጣል። የሚሠራው ሰው ሥራውን ማብዛቱ ይጠቅመዋልና። ከዚያ ከጠቅላላው ገንዘብ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡና እንዳትነኩት። 20 ዓመት ያለፈው ጣሪያ ሲከፈት ከሥሩ ያልታሰበ ነገር ይገኛል፤ ያኔ መበደር አይገባም። ኤሌክትሪኩና ጣሪያው ከተከፈለ በኋላ ቧንቧው፣ አሸንዳው፣ የውሃው መውረጃ ይቀጥላል። ከዚያ የተረፈው በሙሉ የኪችኑ ነው። ምናልባት ለግማሹ ብቻ ይበቃ ይሆናል። ይሁን።

ከዚህ በኋላም በየዓመቱ ለጥገና ብቻ የምታስቀምጡት ይኑራችሁ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ግምት ቤቱ ከሚያወጣው ዋጋ 1 በመቶ ነው፤ ቤቱ ያረጀ ከሆነ 2 በመቶ። ለእናንተ ያ ከበዛ የቻላችሁትን ያህል በየወሩ አድርጉ። ዋናው ነገር የጥገናው ገንዘብ ከኪችኑ ገንዘብ ጋር አለመቀላቀሉ ነው። ሲቀላቀል ሁልጊዜ ኪችኑ ያሸንፋል።

የኪችኑ ተራ ሲደርስ ደግሞ ከካቢኔት አትጀምሩ። መጀመሪያ አሮጌው ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ይቀየር። ግድግዳው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ቧንቧውን ለመቀየር የሚጨመረው ወጪ ትንሽ ነው፤ ካቢኔት ከተገጠመ በኋላ ግን ትልቅ ነው። ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ቧንቧው ውሃ ሞልቶ በግፊት ይፈተሽ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። የእቃ ማጠቢያው መዝጊያ ቫልቭ ከካቢኔቱ ጀርባ ተቀብሮ እንዳይቀር፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ልስኑ ከመጀመሩ በፊትም ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ ቧንቧውና ሽቦው ያለፉበትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ከዓመታት በኋላ ለአንድ መደርደሪያ ግድግዳ ስትበሱ የት መብሳት እንደሌለባችሁ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ነው።